ቁልፉ፣ አምፖሉ፣ ወንበሩ፦ ቤተሰብ ይዞ ወደ ደብረ ብርሃንና አንኮበር ለሚወጣ

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማለዳ የተነሳ ሰው ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ ለቁርስ ይደርሳል። ርቀቱ አጭር፣ መንገዱ አስፋልት በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ለዚህ ጉዞ የሚያደርገው ዝግጅት ጎማ ማስነፋት፣ ነዳጅ መሙላትና ዳቦ ቆሎ መቋጠር ብቻ ነው። መኪናዋ ግን ከከተማ ስትወጣ ከለመደችው አየርም ትወጣለች። ደብረ ብርሃን 2 ሺህ 800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥልባታል። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ መታወቋ በአጋጣሚ አይመስልም። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚቀጥል መንገደኛ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውንና ጭጋግ የማይለየውን ጣርማ በርን ያቋርጥና በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ፣ ሙቀቱ ሹራብ ወደሚያስወልቀው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ የታጠፈው ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር ተራራ ሥር ይቆማል።

በዚህ መንገድ ላይ ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ የምናነሳው ማንም ቁም ነገር ብሎ የማይቆጥራቸውን ሦስት ነገሮች ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ፣ የውስጡን መብራትና ወንበሩን። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ስለ እነዚህ ብዙ አልተነገረንም። ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የገባው መኪና የመመሪያ መጽሐፍ ደግሞ በዐረብኛ ወይም በጀርመንኛ ተጽፎ፣ በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ሳይገለጥ ያረጃል። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ባለቤቱ ያሳየውን ያህል ነው። ባለቤቱ ደግሞ የሚያሳየው ለሚነዳ ሰው ብቻ ነው። ችግሩ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው ሰው ወረድ ባለበት ሰዓት ነው።

ቁልፉ

በከተማችን መንገዶች ላይ ሦስት ዓይነት ቁልፎች ይገኛሉ። አንደኛው ገብቶ የሚዞረው ተራ ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ይኸው ቁልፍ ሆኖ በራሱ ላይ ሪሞት ያለበት ነው። ሦስተኛው ከኪስ ሳይወጣ በሩን የሚከፍተውና ሞተሩን በቁልፍ ሳይሆን በመጫኛ የሚያስነሳው ነው። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከሉና የኤሌክትሪክ መኪኖች በመብዛታቸው፣ ትናንት ቪትዝ ሲነዳ የነበረ አባወራ ዛሬ የሚገባ ቁልፍ የሌለው መኪና ይዞ ይታያል።

ከተራው እንጀምር። ቁልፉ ገብቶ አልዞር ካለ ኃይል አይጠቀሙ። መሪው ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። በአንድ እጅ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ አድርገው እየወዘወዙ በሌላው ቁልፉን ያዙሩ፣ ይለቃል። በዚህ ምክንያት ብቻ ቁልፍ ውስጥ ተሰብሮ የቀረባቸው ሰዎች አሉ። ደብረ ብርሃን ላይ በእሑድ ጠዋት ይህን የሚፈታ ባለሙያ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ትርፍ ቁልፍን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በተሠሩት በአብዛኞቹ መኪኖች ቁልፍ ራስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። መኪናው የሚነሳው ያቺን ቺፕ ሲያውቅ ነው። ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ በጥቂት ብር የተቀረጸው ትርፍ ቁልፍ በሩን አሳምሮ ይከፍታል፤ ሞተሩ ግን ወይ አይነሳም፣ ወይ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ትርፍ ቁልፍ አለኝ ብለው ከመንገድዎ በፊት እቤትዎ ደጃፍ በዚያ ቁልፍ አንድ ጊዜ አስነስተው ይሞክሩት። ከዚያም ትርፉን በዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ሳይሆን በሌላ ሰው ቦርሳ ውስጥ ያድርጉ። መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ትርፍ ቁልፍ ለሌባ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።

ከኪስ የማይወጣው ቁልፍ የራሱ ጠባይ አለው። በውስጡ የሳንቲም መልክ ያላት ክብ ባትሪ አለች፤ በብዙዎቹ ላይ 2032 የሚል ቁጥር ታትሞባታል። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል። አርጅታ በአዲስ አበባ ሙቀት እንደምንም ትሠራ የነበረች ባትሪ፣ ሌሊቱን መስኮት አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ላይ ካደረች ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ዝም ልትል ትችላለች። የመጀመሪያው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ቁልፉን ለጥቂት ደቂቃ በመዳፍዎ ወይም በብብትዎ ያሙቁት። እምቢ ካለ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስለቀቂያ ገፋ ያድርጉ፤ ከውስጡ ቀጭን የብረት ቁልፍ ይወጣል። የቀዳዳው ቦታ በነጂው በር እጀታ ላይ ነው፤ በአንዳንዶቹ መኪኖች በትንሽ ክዳን ተሸፍኗል። ከገቡ በኋላ እግርዎን ፍሬን ላይ አድርገው ያንኑ ‹‹የሞተ›› ቁልፍ ወደ ማስነሻ መጫኛው አስጠግተው ይያዙና ይጫኑ። በአንዳንድ መኪኖች ቁልፉ የሚጠጋበት ቦታ መሪው ሥር ወይም ኩባያ ማስቀመጫው ዘንድ ነው። ቺፗ ባትሪ ስለማያስፈልጋት መኪናው ያውቃታል፣ ይነሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን መኪና የሚጭን መኪና ከአዲስ አበባ እስከ ማስመጣት ሊደርስ ይችላል።

መጫኛውን የሚፈሩ ሰዎችም አሉ። ጠባዩ ይህ ነው፤ ፍሬን ሳይረገጥ አንድ ጊዜ ሲጫን ሬዲዮና የመሳሰለው ይከፈታል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲጫን ዳሽቦርዱ ሁሉ ይበራል፣ ፍሬን ተረግጦ ሲጫን ግን ሞተሩ ይነሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ስለሌለው መነሳቱን የሚያውቁት ዳሽቦርዱ ላይ ‹‹ሬዲ›› የሚል ጽሑፍ ወይም የመኪና ምልክት ሲበራ ነው። ድምፅ የለውም ብሎ ጠፍቷል ማለት፣ በተለይ ልጆች ባሉበት፣ አደገኛ ስሕተት ነው።

አንድ ደግሞ የሚያስቅም የሚያናድድም ነገር አለ። በእነዚህ መኪኖች አንዴ ሞተሩ ከተነሳ ቁልፉ ቢርቅም አይጠፋም። ባልየው ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ ሸኖ ላይ ቅቤ ሊገዛ ይወርዳል፤ ወይዘሮዋ ‹‹እስኪመጣ ቦታ ልቀይር›› ብላ ትነዳለች። መኪናው ጮኽ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ግን ጽሑፉ በማታውቀው ቋንቋ ነው። ሄዳ ሞተሩን ስታጠፋ አበቃ፤ ቁልፉ እስኪመጣ ድረስ አይነሳም። እዚያው ከተማ ውስጥ ከሆነ ሳቅ ነው። ቁልፉ ደብረ ብርሃን ቀርቶ መኪናው አንኮበር ከቆመ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ነጂ ሲቀያየር ቁልፉም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ።

እስካሁን ያለው መጉላላት ነው። ከቁልፍ ጋር በተያያዘ ሕይወት የሚነካው ጉዳይ ሕፃንን ይመለከታል። ልጅ ሲያለቅስ ቁልፉን እንደ መጫወቻ መስጠት የተለመደ ነው፤ ያንጸባርቃል፣ ይንኳኳል፣ ሲጫኑት ‹‹ጢት›› ይላል። እናት ልጇን ከኋላ አስቀምጣ በሩን ዘግታ ወደ ነጂው በር ስትዞር፣ ልጁ መቆለፊያውን ይጫናል። ቁልፉም ልጁም ውስጥ፣ እናት ውጭ። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ድንጋጤ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። በዚያው ቀን ሸዋ ሮቢት ላይ ሲሆን ግን የሰዓት እሽቅድምድም ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ ይግላል። መስኮት ትንሽ ከፍቶ መተው ብዙ ለውጥ አያመጣም። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰና ትርፍ ቁልፍ አጠገብ ከሌለ መስተዋት ይሰበራል፤ ለመኪና የሚታዘንበት ጊዜ አይደለም። የሚሰበረው ከልጁ የራቀው የጎን መስተዋት ሲሆን የሚመታውም መሐሉ ሳይሆን ማዕዘኑ ነው፤ የጎማ መፍቻ ብረት ይበቃል። የፊቱን መስተዋት አይሞክሩ፤ በመካከሉ ፕላስቲክ ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም።

አምፖሉ

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ ወርዶ ባዩት ብርሃን እንደሆነ ይተረካል። ዛሬ በዚያች ከተማ ሌሊቱን ሲበራ የሚያድረው ብርሃን ግን አንዳንዴ የመኪና ጣሪያ አምፖል ነው።

የጣሪያው መብራት ማብሪያ በብዙ መኪኖች ላይ ሦስት ቦታ አለው፤ ሁልጊዜ የሚበራበት፣ ሁልጊዜ የሚጠፋበትና በሩ ሲከፈት ብቻ የሚበራበት መሐለኛው። ብዙ ሰው ባትሪ እንዳያወርድበት ፈርቶ ለዘለዓለም ያጠፋዋል። ይህ ትክክል አይመስለንም። ትክክለኛ ቦታው መሐለኛው ነው። በጨለማ ሲወጡ ሲገቡ ያበራልዎታል፤ ከዚያም በላይ አንዱ በር በደንብ ካልተዘጋ ባለመጥፋቱ ይነግርዎታል። ሦስት ልጆች ከኋላ ጭኖ በሌሊት 11 ሰዓት ለሚነሳ ሰው ይህ ትልቅ ምልክት ነው።

አንድ አምፖል ባትሪ ያወርዳል ወይ? ስሌቱን እንይ። የድሮው ዓይነት የጣሪያ አምፖል ከ5 እስከ 10 ዋት ነው። በ12 ቮልት ባትሪ 10 ዋት የሚበላ አምፖል በሰዓት 0.8 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ በ10 ሰዓት ሌሊት 8 አምፔር-ሰዓት ማለት ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ 35 ወይም 45 አምፔር-ሰዓት ይይዛል። እንግዲህ አዲስ ባትሪ አንድ ሌሊት አምፖል በርቶ ቢያድርም ጠዋት ሞተሩን ሊያስነሳ ይገባዋል። ነገር ግን አራት ዓመት ያገለገለ ባትሪ ከተጻፈበት ግማሹን እንኳ ላይዝ ይችላል፤ በዚያ ላይ ውርጭ ሲጨመርበት ጉልበቱ ይበልጥ ይወርዳል፤ ዘይቱም ስለሚወፍር ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ያው አምፖል አዲስ አበባ ላይ ይቅር ተብሎ ደብረ ብርሃን ላይ ሊያስቀጣ ይችላል። አምፖሉን ወደ ኤልኢዲ ማስቀየር ፍጆታውን በብዙ ይቀንሰዋል፤ ወጪውም ቀላል ነው።

የሚረሳው ደግሞ ከላይ የሚታየው አምፖል አይደለም። ጸሐይ መከላከያው ላይ ባለው መስታወት ዙሪያ የሚበራው፣ የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ያለውና ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው ነው። ልጆች ሲጫወቱ የመጀመሪያውን ያበሩታል፤ ጋቢና የተቀመጠችው እናት ነጠላዋን አስተካክላ ክዳኑን ሳትመልስ ትወርዳለች። ሆቴል ደርሳችሁ መኪናውን ቆልፋችሁ ከሄዳችሁ በኋላ አንድ ሰው፣ ቢቻል ከልጆቹ አንዱ፣ በጨለማው ዞር ብሎ በመስኮት ይመልከት። የበራ ነገር ካለ በጨለማ ወዲያው ይታያል።

ባትሪው ከወረደ ማንዋል መኪና ተገፍቶ ይነሳል፤ የአካባቢው ወጣቶችም ለዚህ አይሰንፉም። አውቶማቲክ ግን ምንም ቢገፋ አይነሳም፤ ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል መቀበል ነው ያለው። ስለዚህ ኬብል ከጎማ መፍቻው ጋር ይቀመጥ። የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎች ‹‹ይህ እኛን አይመለከትም›› እንዳይሉ እናሳስባለን። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም እነዚህም መኪኖች በሩን፣ መብራቱንና ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሷ ከወረደች ለ400 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ኃይል የያዘ መኪና በሩን እንኳ ላይከፍት ይችላል።

ሲነዱስ? የውስጥ መብራት በርቶ መንዳት ሕግ ይከለክላል እየተባለ ይወራል። ከሕጉ በፊት ግን የዓይንን ነገር እናስብ። ውስጡ ሲበራ የፊት መስተዋቱ ውስጡን መልሶ ያሳያል፤ ውጭ ያለው ጨለማ ደግሞ ይበልጥ ይጨልማል። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ያንን ለምዶ የነበረ ዓይን ልጅ የወደቀበትን ብስኩት ለመፈለግ ለአንድ ደቂቃ በበራ አምፖል ይበላሻል። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ ሲወርድና ከፊት ያለው ኤፍኤስአር የኋላ መብራት ሳይኖረው ሲጎተት ያቺ አንድ ደቂቃ ውድ ናት። ብስኩቱ ይቆይ፤ ካልሆነም ቆሞ መፈለግ ነው። የዳሽቦርዱንም ብርሃን መቀነሻ ይፈልጉ። በብዙ መኪኖች ላይ ከመሪው በስተግራ ያለች ትንሽ ጥርሳም ጎማ ናት፤ ሌሊት ዝቅ ያድርጓት። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደቆፈሩትና ሰው ሁሉ የሙሶሊኒ ዋሻ ወደሚለው መተላለፊያ ሲገቡ ደግሞ የጸሐይ መነጽር ይውለቅ፣ የፊት መብራት ይብራ።

በነገራችን ላይ፣ የምኒልክ መናገሻ በነበረችው አንኮበር ዘመን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የዚያ ዘመን መኪና ሞተሩ የሚነሳው ከፊት በእጅ በሚዞር ብረት ነበር።

ወንበሩ

ወንበር የምቾት ጉዳይ ይመስላል። በከተማ ውስጥ እውነት ሊሆን ይችላል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግን ወንበር የፍሬን አካል ነው፤ እግሩ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው መርገጥ የማይችል ነጂ ጥሩ ፍሬን አለው አይባልም።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። መቀመጫዎን እስከ ኋላ ድረስ አስጠግተው ይቀመጡ። ወንበሩ ሥር ከፊት ያለውን ብረት ሳብ አድርገው ወደፊት ወይም ወደኋላ ያንሸራትቱ፤ ፍሬኑን እስከ ታች ረግጠው ጉልበትዎ በትንሹ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ከዚያ በጎን ባለው ማንሻ መደገፊያውን ያቅኑ። ትከሻዎ ከመደገፊያው ሳይለይ እጅዎን ዘርግተው አንጓዎ የመሪው አናት ላይ ካረፈ ልክ ነው። ደረትዎና የመሪው መሐል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ኤርባግ ሲፈነዳ ያ ቦታ ያስፈልገዋል። የራስ መደገፊያው ጫፍ ከራስዎ አናት ጋር እኩል ይሁን። አንገት ላይ የቀረ የራስ መደገፊያ ከኋላ ሲገጩ አንገትን አይጠብቅም። በመጨረሻ ስፖኪዮዎቹን ያስተካክሉ፤ ከወንበሩ በፊት የተስተካከለ ስፖኪዮ እንደገና መነካቱ አይቀርም። ወንበር ማንሸራተት የቆመ መኪና ሥራ ነው፤ በቁልቁለት ላይ ማንሻውን የነካ ሰው መቀመጫው በድንገት ሲንሸራተት ፍሬኑ ይርቀዋል።

ቁመታቸው አጠር ያሉ እናቶች መንገዱ ስለማይታያቸው ወንበሩን ወደ መሪው በጣም ያስጠጋሉ፤ ወይም ትራስ ያነጥፋሉ። ከነጂው ወንበር በስተግራ በኩል ወደ ላይ እየተሳበ ከፍ የሚያደርግ ማንሻ መኖሩን ግን ስንቶቹ ሞክረውታል? በብዙዎቹ መኪኖች ላይ አለ። ትራስ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፤ የተነሳ ወንበር አይንሸራተትም።

ሰሜን ሸዋ የበግ አገር ነውና አጎዛን ሳናነሳ አናልፍም። የመንዝ በግ አጎዛ ወንበር ላይ ሲነጠፍ ያማረ ነው፤ ለብርዱም ይሆናል። ሆኖም በብዙ መኪኖች የጎን ኤርባግ ያለው መደገፊያው ጎን ውስጥ ነው፤ ጎኑ ላይም ኤርባግ የሚል ትንሽ ጽሑፍ ተሰፍቶበታል። አጎዛው ወይም ከከተማ ያለበሱት የቆዳ ሽፋን ያንን ጎን ከሸፈነው ኤርባጉ በጊዜው ላይወጣ ይችላል። አጎዛው መቀመጫው ላይ ይሁን፣ እንዳይንሸራተትም ይታሰር፤ የመደገፊያው ጎን ግን ይጋለጥ።

ጋቢና ተቀምጦ ወንበሩን አጋድሞ መተኛት የረዥም መንገድ ደስታ ነው። የደህንነት ቀበቶው ግን የተሠራው ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነው። የተጋደመ ሰው ላይ ቀበቶው ከደረት ርቆ ይንጠለጠላል፤ ግጭት ሲመጣ ሰውነት ከሥሩ ይሾልካል፤ የታችኛው ቀበቶ ከዳሌ አጥንት ወደ ለስላሳው ሆድ ይወጣል። እንቅልፍ የመጣበት ወደ ኋላ ወንበር ይዛወር፣ ቀጥ ብሎ ታስሮ ይተኛ። ነፍሰ ጡር ከሆነች የታችኛው ቀበቶ ከሆዷ በታች፣ ዳሌዋ ላይ ይረፍ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ጋቢ ነው። ደብረ ብርሃን ሲቃረብ ብርዱ ይጀምራል፤ ጋቢ ከሻንጣ ይወጣል፤ እማማ በጋቢያቸው ይጠቀለላሉ፤ ሕፃኑም በወፍራም ጃኬትና በፎጣ ተጠቅልሎ በላዩ ላይ ቀበቶ ይታሰራል። ቀበቶው ጥብቅ ይመስላል። በግጭት ጊዜ ግን ያ ሁሉ ልብስ እንደ ስፖንጅ ይጨመቅና በቀበቶውና በሰውነቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋል፤ ልጁ ከዚያ ክፍተት ውስጥ ይወጣል። ልማዱ መገልበጥ አለበት፤ ቀበቶው ከሥር፣ ከስስ ልብስ ላይ፣ ጋቢው ከላይ። እማማ ቀዘቀዘኝ ካሉ መጀመሪያ ቀበቶው ይታሰርላቸው፣ ከዚያ ጋቢው እስከ አገጫቸው ይሸፍናቸው። የሕፃን ወንበር ያለው ደግሞ ቀበቶውን ካሰረ በኋላ ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ይሞክር፤ ቀበቶው ታጥፎ ከተቆነጠጠ ገና ልል ነው። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር ኤርባግ ባለው ጋቢና ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም።

ልጅን ታቅፎ መሄድንስ? ‹‹አጥብቄ እይዘዋለሁ›› የምትል እናት ፍቅሯ ሙሉ ነው፤ ክንዷ ግን አይችልም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲጋጭ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለቅጽበት ክብደቱ ወደ 20 እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ሁለት ኩንታል ጤፍ ከእቅፏ ሲወረወር የሚያዝ ክንድ የለም። የሕፃን ወንበር ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም ከዘመድ መዋስ የሚቻል ዕቃ ነው፤ ልጆች ያደጉባቸው ቤቶች ሁሉ ጓዳ ውስጥ አቧራ የጠጣ አንድ አይጠፋም። የተጋጨ መኪና ውስጥ እንዳልነበረ ብቻ ይጠይቁ።

አንኮበር ሲደርሱ መኪናው ከተራራው ሥር ይቀራል፤ ወደ ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ የሚወጣው በእግር ነው። እማማ ዳገቱ አይሆንልኝም ብለው መኪናው ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። ከመሄድዎ በፊት ከውስጥ በሩ እንዴት እንደሚከፈት አንድ ጊዜ ራሳቸው ከፍተው ያሳዩዎት። ከኋላ ከተቀመጡ በበሩ ጠርዝ ላይ ያለችው የልጆች መቆለፊያ እንዳልተዘጋች ይመልከቱ፤ እሷ ከተዘጋች በሩ ከውስጥ አይከፈትም። በሪሞት ቆልፈውባቸው አይሂዱ፤ በአንዳንድ መኪኖች እንዲህ ከተቆለፈ በኋላ ከውስጥ ሲከፈት ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፣ እማማም ይደነግጣሉ። ጋቢያቸውን ደርበውላቸው፣ መስኮቱን በትንሹ ከፍተው፣ ትርፍ ቁልፉን እጃቸው ላይ ያስቀምጡላቸው።